«ባልሽን መርዘሻል» የተባልሁበት ሰሞን

ባለቤቴ ጌታሁን ከእጄ መብላት የፈራው ሳይነግረኝ ነው። አንድ ቀን ምሳውን አቅርቤለት ወደ ጓዳ ስመለስ በበሩ ስንጥቅ ዞር ብዬ አየሁት። ሳህኑን ወደ ብርሃኑ አዘንብሎ ወጡን በጣቱ ገለጥ ገለጥ ያደርጋል። አሸተተው። ከዚያ ቀና ብሎ የጓዳውን በር ተመለከተ። እኔ ትንፋሼን ይዤ ቆምሁ። ባልና ሚስት በአንድ በር ወዲያና ወዲህ ሆነን መሰላለል የጀመርነው ያን ቀን ነው።

ይህን ነገር ለልጄ እንኳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነግሬያት አላውቅም። አሁን ግን በታሪኩ ውስጥ የነበሩት ሰዎች አብዛኞቹ አልፈዋል፤ እኔም ይዤው መሄድ አልፈለግሁም። እናንተ የምታነቡት ፍረዱ።

የሆነው በጃንሆይ ዘመን ነገሌ ቦረና ውስጥ ነው። አባቴ ከሰሜን በወታደርነት መጥቶ ነገሌ የቀረ ሰው ነበር። እናቴ ሎኮ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የሊበን አገር ልጅ ናት። እሷን «አዮ» እያልሁ በኦሮምኛ፣ አባቴን በአማርኛ እያወራሁ አደግሁ፤ ሁለቱ ሲጣሉ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርሁ። አባቴ ሲሞት እናቴ ከከብቶቿ ሸጣ የጭነት መኪናዎች በሚቆሙበት በኩል ትንሽ ምግብ ቤት ከፈተችልኝ። የፍየል ቅቅልና ጥብስ እሠራለሁ። ከያቤሎና ከሜጋ የሚመጡ ሾፌሮች አቧራቸውን ሳያራግፉ ገብተው «ፀዳለ፣ ቶሎ በይ!» ይሉኛል። ስሜ በመንገዱ ሁሉ የታወቀ ነበር፤ በመልኬ ሳይሆን በቅቅሌ።

ጌታሁን ከዲላ ተዛውሮ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። ምሳ ሊበላ ሲመላለስ ተግባባን፣ ተጋባን፣ ሰናይት የምትባል ልጅ ወለድን። የእሱ ሀብት ድምፁ ነበር። ውሳኔ ሲያነብ ከችሎቱ ውጭ ዛፍ ሥር የተቀመጠው ባለጉዳይ ሁሉ ሳይጠጋ ይሰማዋል። ዳኛው ራሳቸው «ሲፈረድብህ እንኳ በጌታሁን ድምፅ ሲሆን ደስ ይላል» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

መጀመሪያ የሻከረው ያ ድምፅ ነው። ብርድ መታኝ አለ፤ ዝንጅብል አፈላሁለት። አልተወውም። እየዋለ እያደረ ድምፁ ነፋስ ብቻ ሆነ። ከዚያ ውሃ ሲጠጣ ትን ይለው ጀመር፤ አንዳንዴም ውሃው በአፍንጫው ይመለሳል። ቃላት በአፉ ውስጥ ይወፍሩበታል፤ «ሰናይት» ለማለት ሲታገል ልጅቷ ትስቅበታለች። ቀኝ ትከሻው ወረደና ኮቱ በዚያ በኩል እየተንሸራተተ አስቸገረው። በቀኙ ቆሜ ሳናግረው አይመልስልኝም፤ ያኮረፈ እየመሰለኝ እኔም አኮርፋለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ሰው በሌለበት አንገቱን በእጁ ተጭኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። ምን ሆንህ ስለው «ምንም» ነው መልሱ።

መሥሪያ ቤቱ ጠጅ ጀምሯል ብሎ ጠረጠረው። ዳኛው ጠዋት ሲገባ ጠጋ ብለው አፉን ያሸቱት ነበር አሉ። ክሊኒክ ሄደ፤ የጉሮሮ ኪኒን ሰጡት። ጠበል ተጠመቀ። እናቴ ደግሞ ከሊበን ሥር አምጥታ፣ ቀቅላ፣ በእንፋሎቱ ጉሮሮውን አጠነችው። ጉንፋን ለያዘው ሁሉ የምታደርገው ነው፤ እኔንም ከልጅነቴ ጀምሮ ስታጥነኝ ኖራለች። ጎረቤት አይቶ ነበር። ያ ሥር በኋላ ስንት እንዳስወራብን!

ወሬው እኔ ጋ የደረሰው በአንድ የያቤሎ ሾፌር በኩል ነው። ለዓመታት ደንበኛዬ የነበረ ሰው ነው። ቅቅሉን አቀረብሁለት።

«ፀዳለ፣ እስቲ መጀመሪያ አንድ ማንኪያ ቅመሽልኝ» አለኝ።

እየሳቀ ነበር፤ ግን ማንኪያውን አልነካውም። እኔም ስቄ ቀመስሁለት። እስኪወርድልኝ ድረስ ጉሮሮዬን እያየ ጠበቀና መብላት ጀመረ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለተኛ አልመጣም። ሌሎቹም እየሳሱ ሄዱ። ከመንገዱ ማዶ መኪና ሲቆም አያለሁ፤ ሰዎቹ ወርደው ወደ እኔ በር ያያሉ፣ አንዱ ለሌላው አንድ ነገር ይለዋል፣ ከዚያ ወደ ታች ወዳለው ሻይ ቤት ይሄዳሉ። ምን እንዳለው ለማወቅ ኦሮምኛም አማርኛም አያስፈልግም ነበር።

በዚህ መሃል የጌታሁን ታላቅ ወንድም ጋሼ ታፈሰ ከይርጋዓለም መጣ። ጡረታ የወጣ ሃምሳ አለቃ ነው። ወላጆቻቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ጌታሁንን ያሳደገው እሱ ነው። ማን እንደላከበት እስከ ዛሬ አላውቅም። ከመኪና ወርዶ ወንድሙን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። አቅፎት ቆየና በትከሻው ላይ አሻግሮ እኔን ተመለከተኝ። ሰላም አላለኝም።

በማግሥቱ የራሱን ብረት ድስት ገዝቶ መጣ። እንቁላል ከነቅርፊቱ ቀቅሎ ይሰጠዋል፤ ሙዝ እዚያው ፊቱ ልጦ ያበላዋል፤ እርጎ ከገበያ ራሱ መርጦ ያመጣል። ሰው እጁን ሊያስገባበት የማይችል ምግብ ይመርጥለታል ማለት ነው። ጉዳዩን የባሰ ያደረገው ደግሞ የጌታሁን መሻል ነው። እንቁላሉም ሙዙም እርጎውም እንደ ውሃና እንደ መረቅ አያንቀውም። ጥቂት ቀን እንዲህ በልቶ ፊቱ ወዛ።

«አየሽ?» አለኝ ጋሼ ታፈሰ ግቢው ውስጥ። «ከአንቺ እጅ ሲርቅ ሰው ሆነ።»

በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው፤ በእርግጥ ተሽሎት ነበር። በዚያች ሰዓት፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ራሴንም ጠረጠርሁ። ቅመሜን ሁሉ አውጥቼ አንድ በአንድ አሸተትሁ። በርበሬውን ዘርግቼ መረመርሁ። ሰው ገብቶ አንድ ነገር ጨምሮበት ይሆን? ማን? ከዚያ ሐሳቤ ወደ ራሱ ወደ ጋሼ ታፈሰ ዞረ። ይሄ ሰው ለምን መጣ? ከወንድሙ ጋር በሹክሹክታ የሚያወራው ምንድን ነው? ኪሱ ውስጥ የሚነካካት ትንሽ የወረቀት ጥቅልልስ?

ቅዳሜ ሽማግሌዎች ተጠሩ። ጎረቤታችን አቶ ወልዴና ሌሎች ሁለት አዛውንቶች ገብተው ተቀመጡ። እናቴ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ጌታሁን አልጋው ጠርዝ ላይ ነበር፤ ግራ ጆሮውን ወደ ሰዎቹ አዙሯል።

«ልጄ» አሉኝ አቶ ወልዴ፣ «እኛ ልንፈርድብሽ አልመጣንም። ባልሽ ከታመመ ቆየ። ወንድሙ ደግሞ የሚለው አለ።»

«የምለው ግልጽ ነው» አለ ጋሼ ታፈሰ። «እናትየዋ ሥር ቀቅላ አጥናዋለች። ከዚያ ወዲህ ምላሱ ታሰረ።»

«ድምፁ የሻከረው ከመታጠኑ በፊት ነው፣ ጋሼ። አንቱ ያኔ እዚህ አልነበሩም።»

«እኔ ባልኖር እግዜር ነበረ!»

እናቴ ነገሩ በፍጥነት ስለተወራ ሁሉንም አልያዘችውም፤ ሥር የሚለውን ግን ሰማች። «አኒ ሂንጎኔ!» አለች። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ በአማርኛ ደገመችው። «እኔ አላደረግሁም። የልጄ ባል ልጄ ነው። ልጅ ማን ይገድላል?»

ጋሼ ታፈሰ ወደ እሷ አልዞረም። «ሙግት አያስፈልግም» አለ። «ከዚህ ቤት ውሃ ቀድታ ግማሹን እሷ ትጠጣ፤ ግማሹን እሱ ይጠጣ። ሁላችሁም እዩ።»

ደስ አለኝ። በመጨረሻ የሚያልቅ ነገር መጣልኝ ብዬ አሰብሁ። ከእንስራው በኩባያ ቀዳሁና ግማሹን ጠጥቼ ለጌታሁን ሰጠሁት። ተቀበለኝ። ኩባያውን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ እንደሚገላገል ሰው አንዴ ጨለጠው።

ውሃው በአፍንጫው ተመለሰ። ለማሳል ሞከረ፤ ሳሉ ድምፅ አልነበረውም። ዓይኑ ፈጠጠ፣ ፊቱ ጠቆረ፣ ወደ ወለሉ ተደፋ። ሄጄ ላቀናው ስል ጋሼ ታፈሰ ደረቴን ገፍቶ ጣለኝና እሱ ያዘው። ጀርባውን እየመታ «ጌትሽ! ጌትሽ!» ይላል። ያ የወታደር ድምፅ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጥኖ ነበር። ከብዙ ትግል በኋላ ጌታሁን ትንፋሹ ተመለሰ። ቀና ሲል እኔ ወለሉ ላይ ሆኜ እጄን ዘርግቼለት ነበር። መዳፉን ከፍ አድርጎ ከለከለኝ።

«አትንኪኝ» አለ በዚያ በነፋስ ድምፁ። ሁሉም ሰማ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለሌላው ቀስ ብሎ «እሷ ማርከሻውን ቀድማ ወስዳለች» ሲል ሰማሁ።

ጋሼ ታፈሰ እናቴን በእጁ እያመለከተ «ይቺ ሴት ከዚህ ቤት ትውጣ!» አለ። ጌታሁንን አየሁት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቴ ቀስ ብላ ተነሣች፣ ሰናይትን በጀርባዋ አዘለች፣ ነጠላዋን አጥብቃ አሰረችና በእግሯ ወደ ሊበን መንገድ ወጣች። ዞራ አላየችም።

እኔ ግን አልወጣሁም። ከወለሉ ተነሥቼ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆምሁ።

«ይርጋዓለም ሐኪም ቤት አለ» አልሁ። «ነገ መኪና አለ። ሐኪም ይመርምረው። መርዝ ከተገኘ እዚያው እሰሩኝ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ።»

ጋሼ ታፈሰ ዓይኑን አጥብቦ አየኝ። እንቢ እንድል ጠብቆ ኖሮ ግራ ገባው። «ይሁን» አለ በመጨረሻ። ጓዳ ገብቶ ከድስቱ ውስጥ የቀረውን ወጥ በጠርሙስ ሞልቶ፣ አፉን በጨርቅና በሰም አሸገ። «ይሄም አብሮ ይመረመራል።»

እሑድ ጠዋት ቆዳ የጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ ገባን። ሾፌሩ፣ ከእሱ ቀጥሎ ጋሼ ታፈሰ፣ ከዚያ ጌታሁን፣ በሩ አጠገብ እኔ። ጠርሙሱ በጋሼ ታፈሰ ጉልበት መሃል ነበር። ሾፌሩ ታሪኩን ሰምቶ ኖሮ ገና ስንነሣ በኪሱ የያዘውን ቆሎ ለሦስታችንም አዘገነ፤ ለእኔ ከማዝገኑ በፊት ግን ጥቂት አመነታ፤ እኔ ከነካሁት በኋላም የተረፈውን ወደ ኪሱ አልመለሰውም።

በመንገድ ላይ ግራርና ቀይ አፈር ብቻ ነው የሚታየው፤ አንዳንዴ ግመል ከመንገዱ ይሸሻል። ጌታሁን መኪናው ሲነጥር ትከሻው ትከሻዬን ይነካል፤ ወዲያው ራሱን ይሰበስባል። አንድ ጊዜ እንቅልፍ የወሰደኝ መስዬ ዓይኔን ከደንሁ። ጋሼ ታፈሰ ከኪሱ ያቺን የወረቀት ጥቅልል አወጣ፣ ነጭ ዱቄት ከውስጧ ቆንጥሮ በጌታሁን ምላስ ላይ አደረገለት።

ዓይኔን ገለጥሁና እጁን ያዝሁ። «ምንድን ነው የሚሰጡት? ንገሩኝ! አንቱ ከመጡ ወዲህ...»

«ልቀቂ!» አለ። ሾፌሩ መኪናውን አቆመ።

«ሾፌር፣ ምስክር ሁነኝ!» አልሁ። «ዱቄት ነው የሚያበላው።»

ጋሼ ታፈሰ ፊቱ ቀላ። ጥቅልሏን ከፍቶ ዘረጋልኝ። «እምነት ነው» አለ። «ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁት የተባረከ አመድ ነው። አንቺ እንዳታይብኝ ነው የደበቅሁት።» እጁ ላይ አየሁት፤ ለእናቴም አባቴ ያመጣላት እንደነበረው ያለ እምነት ነው። አፌን ያዝሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ እሱም እንደ እኔ ፈርቶ እንደሚያድር የገባኝ ያኔ ነው። ግን ይቅርታ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልጠበቀም።

ዋደራ ላይ ሻይ ለመጠጣት ወረድን። ባለቤቲቱ በሕይወቴ አይቻት የማላውቅ ወፍራም ሴት ናት። ጌታሁን ሻዩን አንድ ጊዜ ፉት አለ፤ ያው ታነቀ። በአፍንጫው ተመለሰ። ወዲያው ጋሼ ታፈሰን አየሁት። አሁንስ? አሁን ምን ይላል?

እሱ ግን ተነሥቶ ወደ ሴትዮዋ ሄደ። «ይቺን ታውቂያታለሽ?» አላት ወደ እኔ እያመለከተ።

«ኧረ አላውቃትም፣ ጌታዬ።»

«ስንገባ በዓይን ተጠቃቅሳችኋል።»

ሴትዮዋ ወገቧን ያዘች። «ሻዬ ምን ሆነ ነው የምትለኝ? ይኸው!» ብላ የጌታሁንን ብርጭቆ አንሥታ ጨለጠችው። «ወንድምህ ነው የታመመው! ሰውዬው መዋጥ አቅቶታል፣ አታይም?»

ጋሼ ታፈሰ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ሻዩን ግን አልጨረሰም። ከዚያ ጀምሮ እስከምናድርበት እስከ ክብረ መንግሥት ድረስ ጠርሙሱን በጉልበቱ አጥብቆ ይዞ ሄደ። ጌታሁንም ወንድሙን፣ ከዚያ እኔን፣ እንደገና ወንድሙን እያፈራረቀ ሲያይ ነበር።

በማግሥቱ ይርጋዓለም ገባንና በቀጥታ ሐኪም ቤት ሄድን። ተራ ጠብቀን የገባንበት ሐኪም ረዥም ፈረንጅ ነው። አማርኛ ይሞክራል፤ ሲያቅተው አጠገቡ ያለው ረዳቱ፣ ድሬሰሩ፣ ያስተረጉምለታል። ጋሼ ታፈሰ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ዶክተር፣ ወንድሜ ተመርዟል። መርዙ እዚህ ውስጥ አለ። የሰጠችው ይቺ ናት፤ ሚስቱ።»

ሐኪሙ ጠርሙሱን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ጠርሙሱን ወደ ዳር ገፋ አደረገና ወንበሩን ወደ ጌታሁን አስጠጋ። «ምላስ» አለው።

ጌታሁን ምላሱን አወጣ። ብዙ ጊዜ አብሬው ኖሬ እንዲህ አላየሁትም ነበር፤ ምላሱ ቀጥ ብሎ አልወጣም፣ ወደ ቀኝ ተጣሞ ሄደ፤ የቀኙ ግማሽ ሟሽሾ ተጨማዷል። «አ በል» አለው፤ በባትሪ ጉሮሮውን አየ። ትከሻህን ወደ ላይ አንሣ አለው፤ ግራው ተነሣ፣ ቀኙ አልሄደም። በጆሮው አጠገብ በሹክሹክታ ቃላት ነገረው፤ በግራ ሁሉንም ደገመ፣ በቀኝ ምንም አልሰማም። ያን ጊዜ ያኮረፈኝ የመሰለኝ ሁሉ ትዝ አለኝ።

«ሁሉም ቀኝ ነው» አለ ሐኪሙ ለራሱ። ከዚያ በትንሽ መብራት የቀኝ ጆሮውን ውስጥ አየ። ቆየ። እንደገና አየ። መብራቱን አስቀምጦ የደረት ማዳመጫውን አንሥቶ፣ ደረቱ ላይ ሳይሆን ከቀኝ ጆሮው ጀርባ አጥንቱ ላይ አኖረው። ሐኪሙ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ ፊቱ ላይ ምንም ማንበብ አልቻልሁም።

«ጆሮህ ውስጥ ድምፅ ይሰማሃል?» ብሎ ጠየቀው በድሬሰሩ በኩል። «ሽው፣ ሽው፣ ሽው የሚል? ከልብህ ምት ጋር?»

ጌታሁን ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «እርስዎም ሰሙት?» አለ።

«ሰማሁ።»

ባለቤቴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ያለ ድምፅ የሚያለቅስ ሰው ማየት ከባድ ነው።

ሐኪሙ ማዳመጫውን ለጋሼ ታፈሰ ሰጠው። ጋሼ ታፈሰ ጆሮው ላይ አደረገና ደነገጠ፤ ነቅሎ አየው፣ መልሶ አደረገው። ቀጥሎ ለእኔ ሰጠኝ። ከባለቤቴ ራስ ውስጥ ወናፍ የሚነፋ የሚመስል ድምፅ ይመጣል፤ ሽው፣ ሽው፣ ሽው፣ አያቋርጥም። ሐኪሙ የጌታሁንን አንገት በጣቱ ጫን አለው፤ ድምፁ ጠፋ። ለቀቀው፤ ተመለሰ። ለካስ አንገቱን ይዞ የሚቀመጠው ለዚህ ኖሯል! ጸጥታ ፍለጋ።

«ይህ ድምፅ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ሐኪሙ።

ጌታሁን ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። «ከዲላ ጀምሮ» አለ። «ነገሌ ሳልዛወር። ይቺን ሳላውቃት።»

ጋሼ ታፈሰ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ትንፋሹ ሲቆም ሰማሁት። «ለምን አልነገርኸኝም?»

«ጋኔን ይዞታል ትሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ፣ ጋሼ። ከሥራ ያስወጡኛል አልሁ። ሚስትም አላገኝም አልሁ። ድምፁ አንዳንድ ቀን ሹክሹክታ ይመስለኛል። ሰዎች ከኋላዬ ስለ እኔ የሚያወሩ ይመስለኛል። ከዚያ ምግቡ ሲያንቀኝ...» አልጨረሰውም። እኔን ማየት አልቻለም።

ሐኪሙ ወረቀት ላይ የራስ ቅል ሥሎ አስረዳን። ከራስ ቅል ሥር አጥንቱ ቀዳዳዎች አሉት፤ በእነዚያ ቀዳዳዎች ወደ ምላስ፣ ወደ ጉሮሮ፣ ወደ ድምፅና ወደ ትከሻ የሚሄዱ ነርቮች ይወጣሉ። ጌታሁን እዚያ ቦታ ላይ፣ በቀኙ በኩል፣ ደም የሞላበት ዕጢ በቅሎበታል። ድምፁ በዕጢው ውስጥ የሚያልፈው ደም ነው። ዕጢው በጣም ቀስ ብሎ በዓመታት ሲያድግ ነርቮቹን አንድ በአንድ ተጭኖ አደከማቸው። ጉሮሮው ግማሽ ጎኑ ስለማይሠራ ቀጭን ነገር፣ ውሃና መረቅ፣ ሳይይዘው ወደ ትንፋሹ መንገድ ይገባል፤ ወፈር ያለው እርጎና እንቁላል ግን ይሻለዋል።

ጋሼ ታፈሰ አሁንም አልለቀቀም። «የሴትየዋ ሥር ይሄን ሊያበቅል ይችላል?»

«አይችልም» አለ ሐኪሙ። «የበላው መርዝ ግራና ቀኝ አይመርጥም። ይህ አንድ ጎን ብቻ ነው፤ ደግሞ አሮጌ ነው። ከጋብቻው ይበልጣል።»

ድሬሰሩ ስንወጣ ተከትሎን «ጠርሙሱ የማን ነው?» አለ። ጋሼ ታፈሰ ሳይዞር እርምጃውን አፈጠነ።

በረንዳው ላይ ጋሼ ታፈሰ ከእኔ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። ይቅርታ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ምሳ ሳትበሉ ዋላችሁ» ብቻ አለ። «ቤቴ እንሂድ፤ ቅርብ ነው።» ቤቱ ወስዶ ምግብ ሲቀርብ ለእኔ በመጀመሪያ አስቀረበልኝ። አንድ አፍታ አመነታሁ። እሱ አየኝ፤ ከሳህኔ ቆርሶ ጎረሰልኝ። እኔም በላሁ።

ከዚያ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ልከውት አጥንቱን በራጅ አዩት። ዕጢው ከትልልቅ የደም ሥሮች ጋር ስለተያያዘ ቢነካ ደሙ ፈስሶ ሊያልቅ ይችላል አሉ፤ ሳይነኩት መለሱት። የይርጋዓለሙ ሐኪም ግን አንድ ነገር አስተምሮን ነበር። ሲውጥ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ፣ ፊቱን ወደ ቀኝ ወደ ደካማው ጎን ዘወር እንዲያደርግ፤ ውሃውን እንደ አጥሚት አወፍረን እንድንሰጠው። እንደዚያ እያደረግን ጌታሁን ብዙ ዓመት ኖረ። ውሳኔ ማንበብ ስላልቻለ መዝገብ ቤት አዛወሩት። በኋላ ቀኝ ፊቱም ወደቀ፤ ዓይኑን መክደን ሲያቅተው ሲተኛ እኔ በጨርቅ እሸፍንለት ነበር። ሰናይት አድጋ ትምህርቷን ስትጨርስ አየ።

ከይርጋዓለም ስንመለስ መኪና ውስጥ ጠየቅሁት።

«እውነት መርዛኛለች ብለህ አምነህ ነበር?»

«አዎ» አለ።

ይዋሻል ብዬ ነበር። ቢዋሽ እመርጥ ነበር ይሆናል። ግን ያ «አዎ» ከዚያ በኋላ ለኖርነው ትዳር መሠረት ሆነ፤ እውነቱን ሊነግረኝ የሚችል ሰው መሆኑን አወቅሁ። ሊበን ሄዶ ከእናቴ እግር ሥር የወደቀውም እኔ ሳልነግረው ነው። እናቴ አነሣችውና አቀፈችው፤ ከልጄ ባል አልጣላም አለች። እቤታችን ግን ዳግም አላደረችም። ስንለምናት «ናጋ ነው፣ ናጋ ነው»፣ ሰላም ነው ማለቷ ነው፣ ትልና ፀሐይ ሳትጠልቅ ትሄዳለች።

ከተማው ደግሞ የሐኪሙን ቃል እንደ እኛ አልሰማም። አንዳንዱ ሾፌር ተመለሰ፤ አንዳንዱ ሐኪሙንም በገንዘብ ይዛዋለች አለ። ጥርጣሬ አንዴ ከገባ ማስረጃውን ሁሉ ለራሱ ያደርጋል። ሰውዬው ቢሻለው በእኔ፣ ቢብሰው በእኔ፣ ውሃውን አብሬው ብጠጣ በማርከሻዬ፤ የዋደራዋ ሴትዮ እንኳ ተባባሪዬ ሆና ነበር! እኔም በበኩሌ የተባረከ አመድ መርዝ አድርጌ አይቻለሁ።

ጌታሁን ሲሞት ለቅሶው ላይ አንዳንድ ሴቶች ሲተያዩ አየሁ። ያ አሮጌ ወሬ ተመልሶ ሊመጣ እንደሆነ ገባኝ። ጋሼ ታፈሰ ያኔ አርጅቷል፤ በከዘራ ነው የሚሄደው። ድንኳኑ መሃል ተነሥቶ ቆመ።

«ስሙኝ» አለ። «ወንድሜን የገደለው ከራስ ቅሉ ሥር የበቀለ ዕጢ ነው። በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቼዋለሁ። ይህን ያህል ዘመን ያኖረችው ይቺ ሴት ናት። ይቺን ሴት መርዛለች የሚለውን ወሬ ይዤ በሽማግሌ ፊት ያጸናሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ወሬው የእኔ ነው፤ ዛሬ መልሼ ወሰድሁት።»

ተቀመጠ። እናቴ በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበረችም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ቤታችሁ ውስጥ የአንድ ሰው ድምፅ ሲሻክር፣ መዋጥ ሲያቅተው፣ ፊቱ ወይም ምላሱ ወደ አንድ ጎን ሲሄድ ማን ምን አደረገው ብላችሁ ከመነሣታችሁ በፊት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ ከዚያም በፊት አጠገቡ ተቀምጣችሁ ምን እንደሚሰማው ጠይቁት። ሲናገርም ጋኔን ነው እንዳትሉት። ሐኪሙ ጌታሁንን የጠየቀው በጣም ቀላል ጥያቄ ነበር፤ ጌታሁንም የመለሰው ወዲያው ነው። ያን ጥያቄ ሳይፈራ የሚመልስበት ቤት ቢኖረን ኖሮ እናቴ ያን ቅዳሜ ልጄን አዝላ በዚያ ፀሐይ አትወጣም ነበር።